የሰንጢው እጀታ

ይድረስ ለምወድህ ወንድምጋሼ፤

እንደምን ከርመሃል? ወገብህ ለቀቅ አደረገህ ወይስ ለችግኞቹ ባጎነበስክ ቁጥር አሁንም ያስቃስትሃል? እማዬስ እንቅልፍ ይወስዳታል? ባለቤትህና ልጆቹስ እንዴት ናቸው? እኔ ደህና ነኝ። እግሬ ብቻ ቆሜ ስለምውል ማታ ማታ ጫማ አላስወልቅ ይለኛል።

በስልክ፣ ስትመጣ ሰንጢህን መያዝ ትችል እንደሆነ ጠይቀኸኝ ጨዋታ ለወጥኩብህ። ቅር ሳይልህ አልቀረም። መልሱ ጠፍቶኝ ሳይሆን ወሬው ራሱ ስለሰለቸኝ ነው።

መቼም ሥራዬን ታውቀዋለህ፤ የመንገደኛ ሻንጣ በመፈተሻው ሲያልፍ አያለሁ፣ ያጠራጠረኝን አስከፍታለሁ። ድሮ ሰንጢ ጭራሽ አያልፍም ነበር። ከዚያ ስለቱ ከጣት ካልበለጠ ይለፍ ተባለና ማስመሪያ ታደለን። ማግኔት የምንለው ባልደረባችን "ይኸው ልብስ ሰፊ ሆነን አረፍነው" ብሎ አሳቀን። እጃችን ሳይለምደው ደግሞ ፈቃዱ ተነሳ። ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን "ይፈቀዳል" የሚል ማስታወቂያ ግን ማንም አላነሳውም።

በማግስቱ አንድ አዛውንት አናጢ መጡ። ከሳምንት በፊት ወንድማቸውን ሊቀብሩ ሲሄዱ እዚህ አውሮፕላን ቀይረው ነበር፤ ያን ጊዜ ሰንጢያቸውን ለክቼ የመለስኩላቸው እኔ ነኝ። አሁን ወደ ቤታቸው እየተመለሱ ነው፤ የተነሱበት ከተማ አዲሱ ትእዛዝ ገና ስላልደረሰ ሰንጢውን አልከለከሏቸውም። እንደማያልፍ ስነግራቸው ድምፃቸውን እንኳ ከፍ አላደረጉም። "ልጄ፣ ባለፈው አንቺው አይደለሽ እንዴ ያሳለፍሽኝ? ሰንጢው ነው የተለወጠው ወይስ እኔ?" አሉኝ። ደንቡ ነው አባባ አልኩ፣ ዓይናቸውን ሳላይ።

አለቃችን ዘንድ ሄጄ ለመንኩ። ክፉ ሰው አይደለም፤ እሱንም ከላይ ተቆጥተውታል። "ለእሳቸው ካለፈ ለማን ይከለከላል?" ብሎ መለሰኝ። በፖስታ ልላክልዎ ብላቸው፣ ከሰፈራቸው ፖስታ ቤት እንደሌለ ነገሩኝ። የአውሮፕላናቸው ጥሪ ደግሞ ተጀምሯል።

አዛውንቱ "እንግዲያው ስለቱን ውሰጂው፣ ስለት የትም ይገዛል። እጀታውን ግን የፈለፈለልኝ ወንድሜ ነው" አሉ። ማግኔት ከጥገና ክፍል ፒንሳ ይዞ መጣና ጥርስ እንደሚነቅል ሰው ተጠንቅቆ ማያያዣዋን አወጣት። ስለቱ የተከለከለ ዕቃ የምንጥልበት ሳጥን ውስጥ ወደቀ። አዛውንቱ ባዶውን የቀንድ እጀታ በአውራ ጣታቸው ዳበስ አድርገው ደረት ኪሳቸው ከተቱና "እግዜር ይስጥልኝ ልጄ" ብለውኝ ሄዱ። ቢረግሙኝ ይቀለኝ ነበር። ሰልፉ ረጅም ስለነበር የሚቀጥለውን ሻንጣ ሳብኩ።

ስለዚህ ወንድምጋሼ፣ ሰንጢህን ቤት ተወው። እንደገና ሊፈቀድ ነው የሚል ወሬ አለ፤ ብትሰማም እንዳታምን። ለብርቱካን መላጫ የምትሆን ቢላ እኔ ጋ አለች። የምትመጣበት ቀን ፈረቃዬን እንዲለውጡልኝ አለቃዬን ለምኜ እሺ ብሎኛል። ያን ቀን ከውጭ ቆሜ እንደ ሰው ሁሉ ዘመዴን ልቀበል።

የእማዬን ጉልበት ሳምልኝ፤ መድኃኒቷን እንዳትዘል። ባለቤትህን ናፍቃኛለች በልልኝ። ትልቁ ልጅህ ለእናቱ ይታዘዝ፣ ትንሿን ሁለቱንም ጉንጯን ሳምልኝ። ጎረቤታችንን ልብስ ሰፊውንም ሰላም በልልኝ።

የምትወድህ ታናሽ እህትህ

ከአውሮፕላን ማረፊያው ጀርባ ካለችው የኪራይ ክፍሌ
ሰኔ 4 ቀን