ቢያጭዱት የማይጎድል ጓሳ

ጥሩሸዋ፣ እንዴት ከረምሽልኝ? እዚህ ዓለም ከተማ የመጣሁበት አገር ሙቀቱ ጋቢዬን አስጥሎኛል፤ እሱን ተይውና ያየሁትን ልንገርሽ።

የልጅ ልጄ ጽናት ለማስተርሷ የለፋችበት የማሽላ ጥናት ያለበት ኮምፒውተር ቫይረስ ገብቶበት አልነሣ አለ። ልጅቷ እህል አልቀምስ ብላ ተኛች። ጎበዜ የሚባል መምህር ጓደኛዋ ሊኑክስ የሚሉትን የኮምፒውተር ማስነሻ ፕሮግራም በሲዲ ይዞ መጣ። ለካ ዓይነቱ ብዙ ነው፤ ተጨቃጨቁልሽ።

"አዲስ የወጣውን ልጫንልሽ፤ ቢበላሽም መጠገኑ ነው ጨዋታው" ይላታል።

"ጨዋታው ለአንተ ነው። እኔ ዘንድሮ ያገኘሁትን ውጤት ከርሞም ያንኑ የሚያወጣልኝን ነው የምፈልግ። ከሊኑክሶቹ የማይለዋወጠውን፣ ደቢያንን ጫንልኝ" አለችው።

መጀመሪያ ጥናቷን ፈልጎ አወጣላት፤ ከዚያ ደቢያኑን ጫነላት። ያ ሬሳ የመሰለ እቃ በርቶ ሲነሣ አማተብኩ።

"የደቢያኑ ባለቤት ማነው?" ብለው፣ "የሁሉም ነው እማማ፤ ሕግና ጠባቂ አለው እንጂ ሻጭ የለውም" አለኝ። እንደ ጓሳችን፣ እንደ ጋራው የሣር መሬታችን በይኛ። ኋላ ሲዲውን ለመምህራኑ ሁሉ ሲያድል ባየው፣ "አንተ ሰው፣ ለሌላውም ይትረፍ እንጂ" ብዬ ተቆጣሁት። ሳቁብኝ። ለካ ይሄ እየተቀዳ ስለሚባዛ ቢወስዱት አይጎድልም። እኛ ጓሳውን ዓመታት ዘግተን፣ ጠብቀን ነው ሣሩን የምናጭደው፤ የእነሱ ባጨዱት ቁጥር ይበዛል። የዘሩትን ሰዎች ስማቸውን ባላውቅም በጸሎቴ አስገብቻቸዋለሁ።

ፖስት ካርዱ ሞላብኝ። ስንታየሁን ሳሚልኝ። ጓሳው ከተከፈተ የእኔንም ድርሻ እጨጂልኝ፤ የእኛው ያልቃልና።

ወለተኪዳን