ለዘበኛው ዱላ አትላክለት

ልጄ፣ በሄድክበት ይቅናህ፤ ክፉ አይንካህ። እኔ ደህና ነኝ፤ የተቃጠልኩት ባንተ ነው።

የላክኸው የክኒን ብልቃጥ ደረሰ። እህትህ "የሰውነትን የመከላከል አቅም ያጎለብታል" ብላ ስታነብልኝ፣ ልጁ ጤና የለውም እንዴ አልኩ! ሐኪሟ ስለ ሉፐስ በሽታዋ ያለችውን በስልክ ነግሬህ የለ? በሁላችንም ሰውነት በየቀኑ የሚሞት ሕዋስ አለ፤ የእህትህ ግን ቶሎ አይጠረግም። የሰውነቷ ዘበኛ የገዛ ግቢውን ጥራጊ ባየ ቁጥር "ሌባ!" ብሎ ይጮህና እሷኑ ይደበድባል፤ ጣቷን፣ ጉልበቷን፣ ኩላሊቷን ሳይቀር። ሐኪሟ እሱን የሚያበርድ ክኒን ትሰጣለች፣ አንተ ዱላ ትልክለታለህ!

ጎረቤታችንም ካንተ አትሻልም። "ፀሐይ ሙቂ" እያለች ደጅ ትጎትታታለች። ፀሐይ የቆዳዋን ሕዋስ ስትገድለው ጥራጊው ይበዛል ብላት ሳቀችብኝ። ተናድጄ የእህትህን የስፌት መኪና ፀሐይ ከሚገባበት መስኮት ሥር አንስቼ ጓዳ አስገባሁት።

ብልቃጡን ደብቄባታለሁ። "ወንድሜ አስቦልኝ ልኮ እንዴት አልውጥም?" እያለች ታኮርፈኛለች። እባክህ ራስህ ደውልና አትዋጪው በላት፤ በምትኩ ክፈፉ ሰፊ የሆነ ባርኔጣ ላክላት። ካንተ ከመጣ መርዝም ቢሆን ትውጣለች።

ፈጣሪ ዕድሜ ይስጥህ፤ ልብም ይጨምርልህ።

እናትህ