የተጎለትኩበት ዓመት

ለማልረሳህ ወዳጄ፣

እንደምን ከርመሃል? ያ ክፉ ሳልህስ ለቀቀህ? እኔ ከሞት በመለስ አለሁ፤ ይህ መኖር ከተባለ።

ደብዳቤህ ሲደርሰኝ ልጄ "ማነው ደግሞ እሱ?" አለችኝ። በሆቴሉ ልብስ ማጠቢያ አብረን የሠራን ሰው ነው አልኳት። የቀረውን ዋጥኩት።

አየህ፣ አምና መታጠቢያ ቤት አዳልጦኝ ወደቅሁ። አጥንቴ ተርፏል፤ ልጄ ግን ክፉኛ ደነገጠች። ከዚያ ወዲህ መጥረጊያ ስነካ ትቀማኛለች። "እማዬ፣ ስትለፊ ኖረሻል፤ አሁንስ እረፊ" ነው ነጋ ጠባ። ከፍቅሯ ነው፣ ምን እላታለሁ? ሶፋው ላይ ተጎለትኩ። ጠዋት አስቀምጠውኝ ማታ ያነሱኛል፣ እንደ ዕቃ።

መጀመሪያ ወፈርኩ፤ ጎረቤት "ተመችቶሻል" አለኝ። ኋላ ግን ሥጋዬ ሟሽሾ የክንዴ ቆዳ ተንጠለጠለ። እርጥብ አንሶላ የሞላ ቅርጫት በግራ በቀኝ አንጠልጥዬ ደረጃ ስወጣ "ኧረ ቀስ በይ፣ ወንዶቹን አታሳፍሪን" የምትለኝ ያቺው እኔ፣ የሻይ ማንቆርቆሪያ ከብዶኝ ጠረጴዛው ላይ ደፋሁት።

ሐኪሟ ክንዴን ዳብሳ፣ "እስቲ በእጅዎ ሳይደገፉ ከወንበሩ ይነሱ" አለችኝ። ሞከርኩ፣ ሞከርኩ፤ አልሆነም። ወደ ልጄ ዞራ፣ "እናትሽን የጎዳቸው መቀመጡ ነው። ይሩጡ አላልኩም፤ ዕቃ ያጣጥቡ፣ አበባ ያጠጡ፣ ቤት ውስጥ ወዲያ ወዲህ ይበሉ" አለቻት።

ልጄ መኪና ውስጥ እስክንገባ ቻለችው፤ ከዚያ መሪው ላይ ተደፍታ አለቀሰች። ተይ፣ እኔም መቀመጡ ጥሞኝ ነበር አልኳት። እውነቱን ላንተ ልንገርህ፤ አንድም ቀን አልጣመኝም።

አሁን የዕቃ ማጠቢያውን በሆዴ ተደግፌ ኩባያ አጥባለሁ። ስሰብር ልጄ ከንፈሯን ነክሳ ስባሪውን ትለቅማለች። እግሬ ግን እሺ አላለም። የሄደ ጉልበት እንደሄደ ሰው ነው፤ ሲለምኑት ይኮራል።

ልምጣ ወይ ብለሃል። ና። ልጄ ሰማያዊውን ቀሚሴን በልኬ እያጠበበችልኝ ነው፤ ለምን እንደሆነ አልጠየቀችኝም፣ እኔም አልነገርኳት። ከቀትር በኋላ ና፤ በሩ አጠገብ ተቀምጬ እጠብቅሃለሁ። ስትገባ ብድግ ካላልኩ ኩራት አይምሰልህ። ጎንበስ ብለህ ሳመኝ።

ፈጣሪ እግርህን ያጽናልህ፣ መንገዱንም ያሳጥርልህ።

የወጣትነት ወዳጅህ