ለሥራዬ የሚመሰክር ሰው

ይድረስ ለታላቅ እህቴ ለሀውራ
ጅዳ

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። እቴ ሀውራ፣ እንዴት ከርመሻል? ወገብሽንስ ተሻለሽ ወይስ አሁንም የሰው ቤት ደረጃ ስትወጪ ስትወርጂ ያምሻል? ሙቀቱስ በረድ አለልሽ? ባለቤትሽ ሐቢብ ሥራው ጸናለት? ልጅሽ ነጅዋስ አማርኛዋን አልረሳችም? እኛ በአላህ ፈቃድ ደህና ነን። የአንቺ ናፍቆት ግን ቀን በገፋ ቁጥር ይብስብኛል።

በስልክ ድምፅሽን ስሰማ ሆዴ ይባባና ያሰብኩትን ሁሉ ትቼ «ደህና ነኝ» ብዬ እዘጋዋለሁ። አሁን ዑምኩልሱም ዕረፍቷን ጨርሳ ወደዚያ ስለምትመለስ ይህን በእሷ እጅ ልኬልሻለሁ።

እናታችን ካረፈች ወዲህ ቤቱ ሌላ ቤት ሆኗል። ባለቤቴ ካሊድ እንደምታውቂው የጭነት መኪናውን ይዞ ወደ ጅቡቲ ከወረደ ቶሎ አይመለስም። ኡበይድና ራዚያ ጠዋት ትምህርት ቤት ይሄዳሉ፤ ከዚያ በኋላ ድምፅ የለም። አንድ ቀን ሳላስበው «እማዬ፣ የመርፌሽ ሰዓት ደረሰ» ብዬ ጓዳ ገባሁና ባዶው አልጋ አጠገብ ቆሜ ቀረሁ። ወደ ሥራ እመለሳለሁ ብዬ የቆረጥኩት ያን ቀን ነው።

ውጫሌ አንድ ክሊኒክ ለመድኃኒት ክፍሉ ሰው ይፈልጋል ሲባል የሙያ ፈቃዴን አሳደስኩና ሲቪ ላስጽፍ ኮምፒውተር ቤት ሄድኩ። የምትጽፈው ልጅ ስሜን፣ የፋርማሲ ዲፕሎማዬን፣ ጤና ጣቢያ የሠራሁበትን ዘመን ቶሎ ቶሎ መታችው። ቀጥላ «ከዚያ ወዲህስ የት ሠሩ?» አለችኝ። «ልጆች አሳደግኩ፤ እናቴን አስታመምኩ» አልኳት። ክፋት የላትም፤ ግን እጇን አንስታ «ይሄ እንኳ ሲቪ ላይ አይጻፍም» አለች። ያ ሁሉ ዓመት ነጭ ወረቀት ሆኖ ታየኝ። «ጻፊው» አልኳት። ድምፄ ከፍ ብሎ ኖሮ እኔው ደነገጥኩ። ጻፈችው።

የባሰው ግን መጨረሻው ነበር። ለሥራዬ የሚመሰክር ሰው ስምና ስልክ ተጠየቅኩ። እቴ፣ ማንን ልጥራ? እናታችን አፈር ገብታለች፤ አንቺ ባሕር ማዶ ነሽ፤ ባል ለሚስቱ ቢመሰክር ማን ይሰማዋል? የድሮ አለቃዬ ጋሽ ሙሉጌታ ትዝ አሉኝ። ጡረታ ወጥተው ሐይቁ ዳር ልጃቸው ቤት ናቸው ሲሉኝ በባጃጅ ሄድኩ። ፀሐይ ሲሞቁ አገኘኋቸው። ስሜን ብነግራቸው እጄን ይዘው «የማን ልጅ ነሽ የኔ ልጅ?» አሉኝ። ልጃቸው ከኋላ ሆና በሐዘን ራሷን ነቀነቀች። የአባታችንን ስም ነገርኳቸው፤ አብረን የሠራንበትን ክፍል ነገርኳቸው። «ደግ ሰዎች ናችሁ» አሉኝ እንጂ አላወቁኝም። ስመለስ ባጃጅ አልያዝኩም፤ ውኃውን እያየሁ በእግሬ መጣሁ። ተወልጄ፣ አድጌ፣ ወልጄ በኖርኩበት አገር «ይቺ ሴት ይህን ትችላለች» የሚል አንድ ሰው ማጣቴ አንገበገበኝ።

ዓይኔ አብጦ ያየችኝ ዓሣ የምትሸጠው ጎረቤቴ ለተብርሃን ናት። ነገሩን ስነግራት «እኔን ጻፊኛ» አለች። ስለ መድኃኒት ምን ታውቂያለሽ ብላት፣ «ስለ መድኃኒት ማን ጠየቀሽ? እኔ የምመሰክረው ስለ አንቺ ነው» አለችኝ። ጻፍኳት።

ክሊኒኩ ለቃለ መጠይቅ ጠራኝ። ሐኪሙ ወረቀቱን ሲያዩ «እናቴን አስታመምኩ» የሚለው ላይ ቆሙ። ሕመሟ ምን እንደነበር፣ ስኳሯ ሲወርድ ምን አደርግ እንደነበር ጠየቁኝ። በዚያ ክፉ የጦርነት ጊዜ መብራት ሲጠፋ ኢንሱሊኑን በእርጥብ አሸዋ መሃል በማሰሮ እንዳቆየሁት ነገርኳቸው። ኋላ ለለተብርሃን ደውለውላት፣ «ሠርግ ቤት ተቀምጣ ምግብ ሳይቀርብ ትነሣ ነበር፤ የእናቷ መርፌ ሰዓት ደርሶ» አለቻቸው።

ተቀበሉኝ። ሰኞ እጀምራለሁ፤ መጀመሪያ ለሙከራ ነው። ከውጫሌ ስመለስ ደስታው አፌ ላይ ደርሶ የምነግረው ሰው አጣሁ። ሚኒባስ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡትን የማላውቃቸውን ሴትዮ «ሥራ አገኘሁ» አልኳቸው። «አላህ ይባርክልሽ» ብለው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ መለሱ። ካሊድ ስልኩ አይሠራም። ቤት ስገባ ልጆቹ ገና አልመጡም። ሒጃቤን ሳላወልቅ ተቀምጬ ይህን ጀመርኩልሽ።

ለሐቢብ ሰላምታዬን አድርሺልኝ። ነጅዋን ግራና ቀኝ ጉንጯን ሳሚልኝ። ራዚያ እጅ ትነሣሻለች፤ ኡበይድ «አክስቴ መቼ ነው የምትመጣው?» ይላል። ለተብርሃንም ሰላም ብላሻለች። አንቺም እዚያ ሆነሽ ዱዓ አድርጊልኝ፤ የሰኞዋን ጠዋት ብቻዬን አትተዪኝ።

ታናሽ እህትሽ ዙለይሃ
ሐይቅ፣ ጥር 17 ቀን 2017 ዓ.ም.