ያልተረጎምኩት የበቅሎ ወሬ

ጥቅምት 4
ዳባት። ገበያ ቀን። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጨርቅ ስሸጥ ዋልኩ። የአባባ ካንሰር ማዘግያ የሦስት ወር መርፌም ዛሬ ነበር፤ ጤና ጣቢያ ወስጄ አስወጋኋቸው። "ይሄ የፕሮስቴት ነገር አያልቅም እንዴ ፈሀድ?" አሉኝ በመንገድ። አምና ህንድ አገር ሐኪሞቹ ፔት ስካን የሚሉትን ምስል አንስተው "ካንሰሩ ጎድን አጥንት ገብቷል፤ ጨረር አይጠቅምም፤ ከእንግዲህ ማዘግየት እንጂ ማዳን የለም" ካሉን ወዲህ የምለው አንድ ነው።
"ያልቃል ኢንሻአላህ።"

ጥቅምት 19
ጎንደር። አዲስ ሐኪም፣ ዶክተር ማዕረግ። የህንዱ ምስል ያለበትን ሲዲ ከፈተች። ፕሮስቴቱ ላይ ከህንዶቹ ጋር ተስማማች። ጎድኑ ላይ ስትደርስ ግን ቆመች...
"ይሄን ካንሰር ነው ለማለት አልደፍርም። የዳነ ስብራትም ምስል ላይ እንዲህ ያበራል። አባቴ፣ ወድቀው ያውቃሉ?"
አባባ ሸሚዛቸውን ገለጡ። "ኧረ ወድቄያለሁ ልጄ! አምቢኮ ወርጄ ስነግድ ቁልቁለቱ ላይ በቅሎዬ ጥላኝ ሁለት ጎድኔ ተሰበረ። ወጌሻው ገብረ ሚካኤል፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በቅቤ አሽቶ አዳነኝ።"
"ህንድ አልጠየቋችሁም?" አለችኝ።
"አላስታውስም።" ዋሸሁ።

ጥቅምት 20
ጠይቀዋል። አስተርጓሚው እኔ ነበርኩ። "አጥንታቸው ተጎድቶ ያውቃል?" አሉ። አባባ ከበቅሎዋ ስም ጀምረው እስከ ወጌሻው ቅቤ ሄዱ። ያ ሁሉ መሣሪያ በተደረደረበት ክፍል ቅቤ፣ በቅሎ... አፈርኩ። "የለም" አልኳቸው ሐኪሞቹን። ምነው አፌን በቆረጠው!

ኅዳር 8
ዶክተሯ ምስሉን ለሁለት ሐኪሞች ልካ ነበር። አንዱ ካንሰር ነው አለ፣ ሌላው የቆየ ስብራት። ፕሮስቴቱ ላይ ሦስቱም አንድ ናቸው። "ጎድን ላይ እንለያያለን" አለች። "ሰውየውን የምንጠይቀው ለዚህ ነው።"
አባባ ወገባቸውን ማመም ጀምሯቸዋል። ሌላ ምስል ይነሳ ተባለ።

ታኅሣሥ 2
በአዲሱ ምስል ጎድኑ አምና እንደነበረው ነው። ስብራት ነበር። አሁን ግን ካንሰሩ ወገባቸው ውስጥ ገብቷል፤ እዚህ ላይ ማንም አልተለያየም።
"አምና ጨረር ቢጀምሩስ ኖሮ?" አልኳት።
"የመዳን ዕድል ነበራቸው" አለች።

ታኅሣሥ 5
ነገርኳቸው። ሁሉንም። አባባ ጋቢያቸውን ሰበሰቡ።
"ያኔውኑ አውቄያለሁ። ፈረንጅኛ ባልሰማም የእኔ ወሬ ረጅም ነበር፣ ያንተ አንዲት ቃል።"
"ታዲያ ለምን ዝም አሉ?"
"ልጄ የተማረ ነው፤ የሚጠቅመውን መርጦ ነግሯል ብዬ።"
ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ጥር 18
ጎንደር። "የት የት ያምዎታል?" አለች ዶክተሯ። አባባ ወደ እኔ ዞሩ። "ልናገር?"
ሰባ ስምንት ዓመታቸው... ፈቃድ የሚጠይቁት እኔን።
"ይናገሩ አባባ።"
ከአምቢኮ ጀመሩ። ዶክተሯ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ ሰማች። እኔም አላቋረጥኩ። በቅሎዋ ስሟ ዳማ ነበር። ህንድ እያለንም ነግረውኝ ነበር።