እናታችንን አልገደልኳትም

ለወንድሜ ለይኸነው፣

እንዴት ከርመሃል? ጤናህ እንዴት ነው? ያ ጨጓራህ ተሻለህ? የሐዋሳ ሙቀት ለልጅህ ተስማማት? ባለቤትህስ ደኅና ናት? ይህን ሁሉ የምጠይቅህ ናፍቀኸኝ እንዳይመስልህ። እምዬ ሰላምታ የሌለው ወረቀት ለሰው አይላክም ብላ ስላሳደገችኝ ነው። በስልክ እንዳልነግርህ ድምፄን ስትሰማ ትዘጋብኛለህ። ይህንንም ልትቀደው ትችላለህ፤ ከመቅደድህ በፊት ግን ጥቂት መስመር ዓይንህ ውስጥ መግባቱ አይቀርም።

እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ድኛለሁ። ከምን ብለህ እንደማትጠይቅ ስለማውቅ ሳትጠይቀኝ እነግርሃለሁ። ያሳመመኝ ካንተ አፍ የወጣ ነገር ነው።

የእምዬ ሣልስት ዕለት ድንኳኑ ሞልቶ ነበር። መንገድ ተዘግቶብህ ለቀብሯ ስላልደረስክ፣ አጎታችን ምንይችል ልቅሶህን ሰው ይስማልህ ብሎ የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጎ መሐል ላይ ያዘው። አለቀስክ፤ ሰውም አብሮህ አለቀሰ። ከዚያ፣ "እናቴን የገደለቻት ሙሉነሽ ናት፤ ሐኪም ሳታሳያት ቤት ዘግታ ጨረሰቻት" አልክ። ምንይችል ስልኩን ለመዝጋት ሲደናበር ደግመህ አልከው። እኔ ለለቀስተኛው ውኃ እያደልኩ ነበር። አንዲት ሴት ከእጄ የተቀበለችውን ኩባያ ሳትቀምሰው መሬት ላይ አስቀመጠችው።

አሁን የማታውቀውን ስማ። ባሕር ዳር ወስጃታለሁ፤ አንዴ አይደለም፣ ሦስቴ። ሆዷ ውስጥ የበቀለው ዕጢ ጉበቷ ላይ ደርሷል፣ ቀዶ ጥገናም አያድናትም ብለው ሐኪሞቹ ቁርጡን ነገሩን። ወደ ዳንግላ ስንመለስ እምዬ ሚኒባስ ውስጥ እጄን ይዛ፣ "ይኸነው ከሰማ ሥራውን ጥሎ ይመጣል፤ መንገዱ ደግሞ ሰው እየበላ ነው። እኔ ሳልሞት ልጄን እንዳትገድይብኝ" ብላ በሥጋ ወደሙ አስማለችኝ። አምስት ወር ሙሉ በደወልክ ቁጥር ደኅና ናት ያልኩህ ለዚህ ነው። ስትደውል ተደግፋ ትቀመጥና ትስቅልህ ነበር። ስልኩ ሲዘጋ መልሼ የማስተኛት እኔ ነበርኩ። መዋሸቴን አልክድም። ነፍሰ ገዳይ ግን አይደለሁም።

ከዚያ ቀን ወዲህ ሰውነቴ ከዳኝ። የስፌት መኪናዬ ላይ ተቀምጬ መርፌ ላይ ክር ማስገባት ያቅተኝ ጀመር። እህል አስጠላኝ። ቤተ ክርስቲያን ስሄድ በሩ ላይ እግሬ ይያዛል፤ ገዳይ ሆነሽ ምን ልትሠሪ ትገቢያለሽ የሚል ድምፅ ይሰማኛል። ድምፁ ቁርጥ ያንተ ነበር። ጤና ጣቢያ መድኃኒት ሰጡኝና እንቅልፍ አገኘሁ፤ ድምፁ ግን አልተወኝም።

እምዬን አብራኝ ያስታመመች ሲሀም የምትባል ሙስሊም ጎረቤት አለችኝ። ጥቅምት ሲገባ ልብሴን በፌስታል ቋጥራ፣ እንጅባራ ላይ መኪና ቀይረን ጥሊሊ ጠበል ድረስ ወሰደችኝ። "እኔ እስከ ደጁ ነኝ፤ ከዚህ ወዲያ ፈጣሪሽ ይቀበልሽ" ብላ አቅፋኝ ተመለሰች። አንተ ግን ሐዋሳ ተቀምጠህ፣ "ለይቶላት በየጠበሉ ትንከራተታለች" ማለትህን ሰምቻለሁ። ሲሀም የሠራችልኝን ታላቅ ወንድሜ ነህና አንተ ልትሠራው ይገባህ ነበር።

ጠበሉ ከከተማው ወጣ ብሎ ገደል ሥር ነው። የጠዋቱ ውርጭ አጥንት ይሰብራል። ሰባት ቀን ተጠምቄ ከጩኸት በቀር ያየሁት ለውጥ አልነበረም። በስምንተኛው ቀን አጥማቂው ቄስ አዝመራው ከሰው ለይተው አስቀመጡኝና የሚያስጮኸኝ ምን እንደሆነ ጠየቁኝ። የድንኳኑንም የመሐላውንም ነገርኳቸው። "ልጄ፣ ሁለት ሸክም አንድ ላይ አስረሽ ነው የምትዞሪው። ውሸቱ ያንቺ ነው፤ ንስሐ ግቢበት። ሞቷ ግን ያንቺ አይደለም፤ የእግዚአብሔርን ለእግዚአብሔር መልሺለት። መድኃኒትሽንም እንዳታቋርጪ" አሉኝ። እዚያው ድንጋዩ ላይ ተንበርክኬ ለእምዬ ያላለቀስኩትን ልቅሶ ሁሉ አለቀስኩ። ለካ እናቴ ሞታ እንኳ እንደ ልጅ አላለቀስኩም ነበር፤ ያንንም የቀማኸኝ አንተ ነህ። በማግሥቱ ቅዳሴ ገባሁ። እግሬ አልተያዘም፤ ድምፅህም በሩ ላይ ቀረ።

የፊታችን እሑድ፣ በኅዳር ጽዮን፣ ልቆርብ ነው። ቄስ አዝመራው ሳትታረቂ እንዳትቀርቢ ስላሉኝ ነው ብዕር ያነሳሁት። ስለዋሸሁህ ይቅር በለኝ። እናትህን በቁሟ ልትሰናበታት ይገባህ ነበር፤ ነፍጌሃለሁ። ይህን አንዴ ብዬዋለሁ፣ አልደግመውም። አንተ ደግሞ ለምንይችል ደውል፤ ያልከው ሐሰት እንደነበረ ለሰማው ሰው ሁሉ ያድርስልህ። ለእኔ መደወል አያስፈልግህም። ለሙት ዓመቷ ስትመጣም እኔ ቤት አትረፍ፤ ምንይችል ቤት አልጋ አለ።

ባለቤትህን ምሕረትን ሳምልኝ። ካንተ ተደብቃ ደውላ አብራኝ አልቅሳለች፤ ይህን ስላወቅህ ብትቆጣት ጠብህ ከእኔ ጋር ነው። ልጅህን ዮርዳኖስን አያትሽ የመጨረሻ ቀን ስምሽን ጠርታለች በልልኝ። አጎታችንም ደኅና ነው፤ ሲሀምም ባታውቅህም ሰላም ብላሃለች።

ላንተ የምልከው ይህን ነው። ቄስ አዝመራውን፣ ልወደው ግዴታ አለብኝ ወይ ብዬ ጠይቄአቸው ነበር። ሳቁና፣ "ለጊዜው ክፉ አትመኚለት፤ በየቀኑ በስሙ አንድ አቡነ ዘበሰማያት ድገሚለት" አሉኝ። እየደገምኩ ነው፤ ዛሬ ሃያኛ ቀኔ ነው። የበደለንን ይቅር ስለ ማለት የሚለው ቦታ ላይ ስደርስ ብዙ ቀን ዘልዬዋለሁ። ትናንት አልዘለልኩትም።

እኅትህ ሙሉነሽ
ዳንግላ፣ ኅዳር 18 ቀን 2018 ዓ.ም.