የመድረኩ ቀናተኛ፣ ኦቦ ነጋሳ ዋቅጋሪ (1965–2016 ዓ.ም.)

ኦቦ ነጋሳ ከአባታቸው ከኦቦ ዋቅጋሪ ጉተማና ከእናታቸው ከአዴ ሎሚቱ ፉፋ በ1965 ዓ.ም. በደንዲ ወረዳ፣ ከሐይቁ በታች ባለች መንደር ተወለዱ። ትምህርታቸውን በጊንጪ ከተከታተሉ በኋላ በመምህርነት ሠልጥነው በጉደር፣ ቀጥሎም በአምቦ እስከ ሕመማቸው ድረስ አስተምረዋል። በ1993 ዓ.ም. ልብስ ሰፊዋን ወይዘሮ ዱሬቲ ጂራን በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት አግብተው ሞቲንና ኤቢሴን ወልደዋል።

ከተማው ከብዙ ጭንቅ በኋላ ትንሽ በተነፈሰበት በ2010 ዓ.ም. ከሥራ ባልደረቦቻቸው ጋር አንድ የኮሜዲ ቡድን አቋቋሙ። ገበሬውም የመንግሥት ሠራተኛውም እኩል እንዲስቅ ብለው ድርሰቱን ራሳቸው ግማሹን በኦሮምኛ፣ ግማሹን በአማርኛ ጻፉት። እሳቸው ባለጉዳይ የሚያመላልሰውን ጸሐፊ ሆነው ሲቀመጡ፣ ለወራት ሰላምታ ያቋረጡ ጎረቤታሞች አንድ አግዳሚ ላይ ተደጋግፈው ሲስቁ ታይተዋል። ኦቦ ነጋሳ በዚህ በጣም ይኮሩ ነበር። ሳቁ የእሳቸው ነበርና።

በ2011 ዓ.ም. ጉደር ላይ ባለጉዳይዋን የምትጫወተው መምህርት ታማ ቀረች። የቡድኑን ልብስ የሚሰፉት ወይዘሮ ዱሬቲ በእሷ ቦታ በግድ ተገፍተው መድረክ ላይ ወጡ። ጸሐፊው እንደ ልማዳቸው «ነገ ነይ» ሲሏቸው፣ በድርሰቱ ላይ እንደተጻፈው አልቅሰው በመሄድ ፈንታ ወንበር ስበው ተቀመጡ።

«እሺ፤ እንግዲያው ነገን እዚሁ ቁጭ ብዬ ልጠብቃት» አሉ።

አዳራሹ ተናጋ። ኦቦ ነጋሳ ቀጣዩን ንግግራቸውን ረሱት። ወደ አምቦ ተመልሰው ቤት ሲገቡ፣ ሕዝቡ የሳቀው ወንበሩ ስለተንቋቋ ነው አሉ።

ከዚያ ወዲህ ቅናቱ አብሯቸው ይበላ፣ አብሯቸው ይተኛ ጀመር። በዚያው በጨዋታው የቀሩትን የባለቤታቸውን የትወና ክፍል በየሳምንቱ ያሳጥሩ ነበር፤ ባሳጠሩት ቁጥር ግን ሳቁ ባሰ። የበለጠ የተሳቀው ለማን እንደሆነ ልጆቻቸውን ሲጠይቁ ልጆቹ «እኩል ነው» ማለትን ለመዱ። ገበያ ላይ አንድ ሰው «የዱሬቲ ባል» ብሎ የጠራቸው ዕለት ሽንኩርቱን ሳይገዙ ተመለሱ።

አንድ ቀን ወይዘሮ ባየሽ የሚባሉ የጉደር ሴት ቤታቸው መጡ። በሩን የከፈቱት ኦቦ ነጋሳ ናቸው። ሴትዮዋ የሟች ባላቸውን መሬት በስማቸው ለማዞር ሁለት ዓመት ሙሉ «ነገ ነይ» ሲባሉ የኖሩ ናቸው። ቴአትሩን ባዩ በሳምንቱ መሥሪያ ቤቱ ሄደው፣ ነገን እዚሁ እጠብቃታለሁ ብለው ተቀመጡ። ተራ የሚጠብቀውም ሰው እየሳቀ አብሯቸው ተቀመጠ። ጸሐፊውም ራሱ ሳቁን መያዝ አቅቶት ጉዳያቸውን ጨረሰላቸው። ወይዘሮ ባየሽ ይህን የተናገሩት በኦቦ ነጋሳ ትከሻ ላይ አሻግረው፣ ወደ ውስጥ እያዩ ነበር።

«ድርሰቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ» አሉ ኦቦ ነጋሳ።

«ኤ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ያቺን ቃልስ የጻፏት እርስዎ ነዎት?»

ኦቦ ነጋሳ ዋሽተው አያውቁም። ከበሩ ዘወር ብለው አስገቧቸው። በዚያው ሳምንት ከቡድኑ ወጡ።

ወይዘሮ ዱሬቲ ግን ቀጠሉ። ጊንጪም አዲስ ዓለምም ሲጫወቱ ኦቦ ነጋሳ ጋቢያቸውን ተከናንበው ከኋላ ይቀመጡ ነበር። ማንም ያላወቃቸው ይመስላቸው ነበር እንጂ በአዳራሹ ውስጥ የማይስቅ ሰው እሳቸው ብቻ ስለነበሩ ሁሉም ያውቃቸው ነበር።

በ2014 ዓ.ም. ጉሮሯቸው ላይ የወጣው ዕጢ ድምፃቸውን ወሰደው፤ የቀራቸው ሹክሹክታ ብቻ ነበር። ማስተማሩን ትተው ቤት ዋሉ። ያን ጊዜ ወይዘሮ ዱሬቲ ድምፅ የማያወጣ ጸሐፊ ያለበት ጨዋታ ይዘው ቀረቡ። ኦቦ ነጋሳ ምጽዋት መስሏቸው ፊታቸውን አዞሩ።

«የሞቲ አባት፣ ሦስት ዓመት ሙሉ ከኋላ ተቀምጠህ ስታኮርፍብኝ አይቼሃለሁ» አሏቸው። «እንደዚያ ያለ ፊት ሌላ ሰው የለውም። አንተ ፊትህን ብቻ አምጣ።»

አመጡት። በአምቦ መድረክ ላይ አንዲት ቃል ሳይወጣቸው ባለቤታቸውን በቅናት ባዩ ቁጥር ሕዝቡ እስኪያለቅስ ሳቀ። ኦቦ ነጋሳ ማስመሰል አላስፈለጋቸውም፤ ከልባቸው ይቀኑ ነበር። ሁለት ዓመት አብረው በየከተማው ዞሩ።

ሕመሙ ሲጸና ሆስፒታል ገቡ። ወይዘሮ ዱሬቲ እያስታመሙ በክፍሉ የተኙትን ሕመምተኞች ሲያጫውቱ፣ ኦቦ ነጋሳ ልጃቸውን ሞቲን ወደ አፋቸው ሳብ አድርገው አንሾካሾኩ። ሞቲ ጮክ ብሎ ደገመላቸው፦

«የታመምኩት እኔ፣ የሚሳቀው ለእሷ።»

ክፍሉ ሁሉ ሳቀ። ከሁሉ አብልጠው፣ ሆዳቸውን ይዘው የሳቁት ወይዘሮ ዱሬቲ ነበሩ። ኦቦ ነጋሳ ባለቤታቸውን አተኩረው አይተው ረክተው ዐይናቸውን ጨፈኑ። ከሦስት ቀን በኋላ፣ መጋቢት 19 ቀን 2016 ዓ.ም. በተወለዱ በ51 ዓመታቸው ወደ ጌታቸው ሄዱ።

ባለቤታቸውን ወይዘሮ ዱሬቲን፣ ልጆቻቸውን ሞቲንና ኤቢሴን፣ ወንድማቸውን ኦቦ ተሬፋን፣ ተማሪዎቻቸውንና አብረው የሳቁትን ሁሉ ትተዋል። ጌታ ነፍሳቸውን ማንም በማንም በማይቀናበት ቤቱ ይቀበልልን፤ ለቀረነውም መጽናናቱን ይስጠን።